ለሁዳዴ የደረሰ ጓሮ፦ የደብረ ማርቆስ አንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

በጎጃም ከተሞች ጓሮ ያለው ሰው ብዙ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ሁሉም ይቆፍራል፣ ሁሉም ይዘራል። ታኅሣሥ ላይ ጎመኑ ከቤት አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። የካቲትና መጋቢት ሲመጣ ግን ያው ጓሮ ባዶ ነው። ሁዳዴ የሚገባውም ያኔ ነው። ቤተሰቡ ቅጠላ ቅጠል አብዝቶ የሚፈልግበት ጊዜና ጓሮው የሚደርቅበት ጊዜ ይገጣጠማሉ።

ይህን ነገር አጉልቶ ያሳየኝ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቅርብ ሆኜ ተከታትየዋለሁ፤ ሐሳብም አዋጥቻለሁ። ቤተሰቡ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ስማቸውን ግን አልጠቅስም። ያደረጉት ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንም ባለ ጓሮ ሊሞክረው ይችላል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ቤቱና ጓሮው

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ውርጭ ይጥላል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት በኋላ ይቋረጣል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ካፊያ ሊኖር ይችላል፤ የሚታመን ግን አይደለም።

በቤቱ ስድስት ሰው ይኖራል። የቤቱ እናት እቤት ሆነው ልብስ ይሰፋሉ። ባለቤታቸው ደመወዝተኛ ናቸው። ሦስት ልጆች አሉ፤ ትልቋ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። አያትም አብረዋቸው አሉ፤ እሳቸው ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ናቸው። ከጾሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቤቱ አንድ ማዕድ ነው የሚቀርብበት። ለሕፃናቱ ተብሎ የተለየ ወጥ አይሠራም።

ጓሮው 60 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። አፈሩ የአካባቢው ቀይ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል። በምዕራብ በኩል የጎረቤት ባህር ዛፍ በአጥሩ ልክ ተደርድሯል። ከሰዓት በኋላ ጥላው የጓሮውን ሲሶ ይሸፍናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ የ500 ሊትር ሮቶ አላቸው። ጥቂት ዶሮዎችም አሉ፤ እነሱም የጉዳዩ አካል ናቸው።

ችግሩ

በ2016 መስከረም መጨረሻ ቤተሰቡ ጓሮውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ዘራው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ሥራው ጥሩ ነበር። መደቡ ተስተካክሏል፣ ፍግ ገብቷል፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ውሃ ይቀዱ ነበር።

ኅዳር ላይ ሰላጣው ተግተልትሎ ደረሰ። ግማሹ ሳይበላ ግንድ አወጣ። ጎመንና ቆስጣው ለነቢያት ጾም በደንብ ጠቀመ። ከገና በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥር የሰርግ ወር ነው። ሰው ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጎመን የሚያምረው የለም። ቅጠሉ እየጠነከረ፣ ቢጫ እየሆነ ሄደ። የካቲት ላይ ጎመኑ አበባ ያዘ፣ ካሮቱም መሐሉ እንጨት ሆነ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ቀን ነበር። ጓሮው ውስጥ የቀረው ጥቂት ቀይ ስርና የጤና አዳም ቁጥቋጦ ነበር። ቤተሰቡ ቅጠላ ቅጠሉን በሙሉ ከጉልት ሊገዛ ተገደደ። ጊዜው ደግሞ መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ስለነበር ገበያው አይታመንም። ዛሬ የሞላው ጉልት ነገ ይራቆታል። ዋጋውም እንደዚያው ነው።

የቤቱ እናት እንዲህ አሉኝ፦ «አይ ልጄ፣ ጎመኑ ሁሉ ባንድ ቀን ይደርሳል፤ ጾሙ ግን 55 ቀን ነው።»

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ማዳበሪያ ጨምሩ፣ የተሻለ ዘር ግዙ፣ መሬቱን አስፉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህ ጓሮ ምርት አላነሰውም። በታኅሣሥ የተረፈው ጎመን ለመጋቢት ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ማስተካከል የነበረብን መቼ እንደሚዘራ ነው።

ከጾሙ ወደ ኋላ መቁጠር

ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የመዝሪያ ቀን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ጎመን መቼ ልዝራ?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «ዘንድሮ ጾሙ መቼ ነው የሚገባው?» የሚል ጥያቄ መሆን አለበት።

በ2017 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። የግድግዳውን ካሌንደር አወረድነው። ትልቋ ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። እያንዳንዱ አትክልት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እየጠራን እሷ ወደ ኋላ ትቆጥር ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ በዚህ ከፍታ አምስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ መስከረም ሳያልቅ መሬት መግባት ነበረበት። ቀጥሎ ካሮት። ሦስት ወር ተኩል ቢሰጠው ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር ጥቅምት መጨረሻ፣ ሁለተኛው ኅዳር መጨረሻ ተዘራ። ካሮት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ከደረሰ በኋላ መሬት ውስጥ ለሳምንታት ይጠብቃል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት መሬቱ ራሱ ማስቀመጫው ነው። ቀይ ስር ኅዳር አጋማሽ ላይ ተከተለ።

ጎመኑ ኅዳር መጀመሪያ ላይ በችግኝ መደብ ተዘራ፤ ከወር በኋላ ተዛወረ። እዚህ ላይ የቤቱ እናት አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። የሐበሻው ጎመን ቶሎ ያብባል ብለው ግማሹን መደብ ብቻ ሰጡት። ግማሹን ግንዱ እየረዘመ ቅጠሉ ከታች እየተቀነጠሰ ለብዙ ወራት የሚበላው የጉራጌ ጎመን አደረጉት። ትክክል ነበሩ። ጾሙን እስከ መጨረሻው የያዘው እሱ ነው።

ቆስጣ ላይ ስሌቱ ትንሽ አስቸጋሪ ነበር። በሞቃት ጊዜ 60 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ከየካቲት 17 ወደ ኋላ 60 ቀን ስንቆጥር ታኅሣሥ 17 ላይ እንደርሳለን። ነገር ግን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ቅዝቃዜ ቅጠሉን ያንቀረፍፈዋል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ጨመርንበትና ታኅሣሥ 3 ተዘራ። ይህ ጭማሪ ባይኖር የጾሙ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ያለ ቆስጣ ያልፉ ነበር። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ላለ ሰው ይህን ያህል መጨመር ላያስፈልገው ይችላል፤ ወይና ደጋው ሞቅ ይላል።

ሰላጣ ቀላሉ ነው፤ ጥፋቱም ቀላል ነው። ሰው ፓኬቱን ከፍቶ ሁሉንም ይዘራዋል። በ2017 ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቁንጥር ብቻ ተዘራ። እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ ቀጠለ። የቀረው ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ ነበር።

ቀይ ሽንኩርትና ድንች ከሁዳዴው ስሌት ሆን ተብሎ ቀረ። ሁለቱም በቀላሉ የሚጓጓዙና የሚቀመጡ ናቸው። በመራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖን የመሰለ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ግድብ ባለበት ጎጃም፣ በበጋ የመስኖ ሽንኩርትና ድንች ገበያ ላይ ይገኛል። በጠባብ ጓሮ ላይ ከዚያ ጋር መፎካከር አይጠቅምም። ጓሮ የሚያዋጣው መንገድ ላይ በሚጠወልገው ነገር ነው። ቆስጣና ሰላጣ ተቆርጦ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ ያበቃለታል። ከበር ወጥቶ ከመቁረጥ የሚበልጥ የለም።

«ታዲያ ከመስከረም እስከ ኅዳር መሬቱ ባዶ ሊሆን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አልሆነም። አንዱ መደብ ለነቢያት ጾም የሚሆን ጎመን ያዘ። ሌሎቹ ላይ በክረምቱ የተዘራ ባቄላ ነበር። እሸቱ ተበላ፤ አገዳው ታጭዶ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ። የባቄላ ሥር ናይትሮጅን ስለሚያስቀምጥ ለሚቀጥለው አትክልት ጥሩ አልጋ ሆነ።

አፈር፣ ውሃና ዶሮ

በጎጃም ብዙ ቦታ ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ነው። ገበሬው ኖራ የሚጨምረው ለዚህ ነው። ለጓሮ የምድጃ አመድ ይረዳል፤ አሲዱን ይቀንሳል፣ ፖታስየምም ይጨምራል። በካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ። በየወሩ መጨመር ግን ጉዳት አለው። ድንች የሚተከልበት ቦታ ላይም አልተደረገም፤ አመድ የድንች ቆዳ እከክን ያባብሳል።

ፍጉ ከመግባቱ በፊት ለወራት ተከምሮ እንዲበሰብስ ተደረገ። የካሮቱ መደብ ላይ ጭራሽ አልገባም። ትኩስ ፍግ የነካው ካሮት ሁለት ሦስት እግር ያወጣል። በምትኩ የተነፋ ብስባሽና አሸዋ ተቀላቀለበት። ለዚያ መደብ የወጣው ጉልበት ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን በጾሙ አጋማሽ ቀጥ ያለ ካሮት ሲወጣ ማንም አልተጸጸተም።

ከባህር ዛፉ ጋር ያለው ነገር ስስ ነው። ዛፉ የጎረቤት ነው፤ ለጎረቤትም ገንዘብ ነው። ይቆረጥ ማለት አይቻልም። መደቦቹ ከአጥሩ አምስት ሜትር ያህል ራቁ። በመካከሉ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ተቆፍሮ የገቡት ሥሮች ተቆረጡ። አጥሩ ጥግ ያለው ቦታ ለዶሮዎቹና ለብስባሹ ተለቀቀ።

አሁን ውሃ። የጉዳዩ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። እያንዳንዱ መደብ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፤ 6 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ አትክልት በካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ መደብ በቀን እስከ 30 ሊትር ይጠጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል ማለት ነው። ስድስት መደብ ቢዘራ 180 ሊትር ይመጣል። ፈረቃው ለቀናት ሲቆይ ይህ አይታሰብም።

ስሌቱ ወረቀት ላይ ሲወጣ ውሳኔው ቀላል ሆነ። በበጋው አራት መደብ ብቻ ይያዛል። ቀሪው ያርፋል። በአራቱም ላይ የጤፍ ጭድ እንደ ጣት ርዝመት ወፍሮ ተጎዘጎዘ። ጉዝጓዙ ከገባ በኋላ በየቀኑ ይጠጣ የነበረው መደብ በየሁለት ቀኑ በቃው። ውሃው ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ይሰጣል። ብርድ ባለበት በታኅሣሥ ግን ጠዋት ይሻላል፤ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ማደር የለበትም።

የእጣቢ ውሃም ሥራ ላይ ዋለ። አትክልትና እህል የታጠበበት በቀጥታ ወደ መደቡ ይሄዳል። የልብስ እጣቢ የመጨረሻው ዙር ለጌሾውና ለጉራጌ ጎመኑ ሥር ይሰጣል። በረኪና ያለበት ሁሉ ይደፋል። ሰላጣና ካሮት ላይ የሳሙና ውሃ አይደርስም፤ ጥሬ የሚበላ ነገር ነውና።

የጤፍ ጭዱ አንድ መዘዝ አመጣ። ዶሮዎቹ ወደዱት። ጭዱን ጭረው፣ ችግኙን ነቅለው፣ መደቡን አተረማመሱት። ከእንጅባራ በኩል የመጣ ቀርቀሃ ተሰንጥቆ ዝቅተኛ አጥር ተሠራ። ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹ የሚገቡት መደቡ ባዶ በሆነበት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ትሉን ለቅመው ስለሚያጸዱ ይጠቅማሉ።

ማዕድ ቤቱ

ጓሮን ለብቻው፣ ምግብን ለብቻው ማሰብ ትልቁ ስሕተት ይመስለኛል። ጓሮው የሚሰጠው ነገር በየሳምንቱ ይለወጣል። ማዕዱም አብሮ ካልተለወጠ አትክልቱ ይባክናል፤ ሰውም ይሰለቻል። 55 ቀን አንድ ዓይነት ጎመን የሚበላ ልጅ የለም።

በጾሙ መጀመሪያ ሳምንታት የደረሰው ለጋ ቆስጣና ሰላጣ ነበር። ቆስጣ ብዙ ሰው እንደ ጎመን ቀቅሎ ውሃውን ይደፋዋል። አያስፈልገውም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ከበሰለ በኋላ ታጥቦ የተከተፈው ቆስጣ ከነእርጥበቱ ይገባል። የራሱን ውሃ ያወጣል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ነጩ ግንዱ ለብቻው ተከትፎ ቀድሞ ይገባል፤ ከቅጠሉ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚበስል።

የሐበሻ ጎመን ግን ምሬት ስላለው መቀቀል ይወዳል። በዚህ ቤት የቅቅሉ ውሃ አይደፋም። ቀዝቅዞ ሽሮ ይበጠበጥበታል። ሽሮው ላይ ጠለቅ ያለ ጣዕም ይሰጣል፤ ማገዶና ውሃም ይቆጥባል። ይህን ያየሁት እዚያ ነው፤ ብዙ ቤት ቢለምደው ደስ ይለኛል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ ወጣ። ገሚሱ ተጎንጉኖ ማድ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ። ገሚሱ ከጤና አዳሙ ጋር ስልጆ ውስጥ ገባ። የባቄላ ዱቄቱ ተገንፍቶ፣ ሱፍና ሰናፍጭ ተጨምሮበት፣ በማሰሮ ተከድኖ እስኪኮመጥጥ ተቀመጠ። ስልጆ ያለበት ገበታ ላይ ጥሬ ሰላጣና ካሮት ቢቀርብም ይበላል። ሰው ወጥ አነሰኝ አይልም። አያት «ሁዳዴ ያለ ስልጆ ምኑን ሁዳዴ ሆነ» ይላሉ።

በጾሙ አጋማሽ ካሮትና ቀይ ስር ተራውን ያዘ። ካሮቱ ከገበያ ድንችና ጥቅል ጎመን ጋር አልጫ ሆነ። ቀይ ስሩ ተቀቅሎ በሎሚና በቃሪያ ተለወሰ። እዚህ ላይ ትልቋ ልጅ አንድ ነገር አመጣች። የቀይ ስር ቅጠል በየቤቱ ይጣላል። ቀይ ስርና ቆስጣ ግን አንድ ዘር ናቸው፤ ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ይበላል። በነጭ ሽንኩርት አበሰለችው። ወንድሞቿ ሳያውቁ ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ከአንድ መደብ ሁለት ምግብ ይወጣ ጀመር።

ጎመኑ ማበብ ሲጀምር አልተነቀለም። ለጋው የአበባ ግንድ ልጡ ተልጦ ይበላል፤ ጥፍጥ ይላል። ጥቂት ዛፎች እስከ ፍሬ ተተዉ። ፍሬው ለሁለት ነገር ይሆናል፦ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር፣ ለእንጀራ ምጣድ ማሰሻ። ሴቶቹ ማሰሻውን ከገበያ መግዛት አቆሙ።

በሰሙነ ሕማማት ብዙ ቤት ዘይትም ይተዋል። ያኔ የሚያስፈልገው ያለ ዘይት የሚበላ ነገር ነው። ጥሬ ካሮት፣ ሰላጣ በሎሚ፣ ጨው የነካው ቃሪያ ከንፍሮና ከዳቦ ጋር። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ ከስንዴና ከባቄላ ተሠራ፤ የጓሮው ባቄላ የሚበቃውን ያህል ተቀምጦለት ነበር። ለፋሲካ ደግሞ የመጨረሻው የጉራጌ ጎመን ጎመን በሥጋ ሆነ።

በዚያ ጾም ቤቱ ቅጠላ ቅጠል ከጉልት የገዛው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም እንግዳ የበዛባቸው ቀናት ነበሩ።

ያልሠራው

ቲማቲሙ ከሽፏል። ሁለት ዓመት ተሞክሮ ሁለቴም አልሆነም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ቅዝቃዜው አልፎ መቋጠር ሲጀምር ደግሞ የሚያዝያ ካፊያ መጣና ምች የተባለው በሽታ መታው። ቤተሰቡ አሁን ትቶታል። የቤቱ እናት ተቆጭተው ነበር፤ ለስልስ የሚሆን ቲማቲም ከጓሮ መቁረጥ ይፈልጉ ነበርና። ለደጋ ጓሮ ግን ይህን አትክልት ከጾሙ ስሌት ማውጣት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ቃሪያው ግማሽ ግማሽ ነው። መሐል መደብ ላይ የነበረው በውርጭ ተቃጠለ። በድንጋዩ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል የነበረው ዳነ። ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። ከዚያ የተገኘው ለስንግ በቅቷል፤ ለገበያ የሚተርፍ ግን አልነበረም። ችግኞቹ ሌሊት ጆንያ እየለበሱ ባያድሩ ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር።

የካሮት ዘሩ በመጀመሪያ አልበቀለም። ሁለት ምክንያት ነበረው። አንዱ ፓኬት የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ሳያሳይ ነው የሸጠው። ሌላው መሬቱ ነው፤ ቀይ አፈር ከላይ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ካሮት ደግሞ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ይቆያል። በድጋሚ ሲዘራ መደቡ በእርጥብ ጆንያ ተሸፈነ። ቡቃያው ብቅ ሲል ጆንያው ተነሣ። ይህ በደንብ ሠርቷል።

የካቲት ላይ ጎመኑን ክሽክሽ የተባለው ደቃቅ ተባይ ወረረው። ደረቅ ሲሆን ይብሳል። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ ውሃው ተረጨ፤ ለውጥ አላየንም። የሠራው የልብስ ሳሙና በውሃ ሟሙቶ በቅጠሉ ጀርባ በኩል በየሦስት አራት ቀኑ መርጨት ነው። በጣም የተወረረው ቅጠል ተቆርጦ ለዶሮ ተሰጠ። ከመብላት በፊት በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህ በውሃ እጥረት ቀን ያስቸግራል።

የባህር ዛፉ ቦይም ዘላቂ አልሆነም። በዓመቱ ሥሮቹ ተመልሰው ገብተው ነበር። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ መቆረጥ አለባቸው።

ከፋሲካ በኋላ

ጾሙ ሲፈታ ጓሮው አይዘጋም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ መደብ ድንች ይይዛል። ስሌቱ ያው ነው፤ አሁን የሚቆጠረው ከፍልሰታ ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ድንች 100 ቀን ገደማ ቢፈልግ ሚያዝያ መጨረሻ መተከል አለበት። እስከ ሰኔ ድረስ ትንሽ ውሃ ማገዝ ያስፈልጋል። በክረምት ምች ስለሚበረታ በሽታውን በመቋቋም የሚታወቀው «በለጠ» የተባለው ዝርያ ተመረጠ። ነሐሴ ላይ የመስኖ ድንች ከገበያ ሲጠፋ የቤቱ ድንች ይወጣል። ዱባም በአጥሩ ጥግ ይዘራል፤ በብስባሹ ክምር ላይ ራሱን ችሎ ያድጋል።

ለሌላ ጓሮ የሚሆነው

መጀመሪያ ካሌንደሩን ማየት። የሚጾሙ ቤተሰቦች ማዕድ በጾም ይመራል፤ ጓሮውም በዚያው መመራት አለበት። ለሙስሊም ቤተሰብም መንገዱ ያው ነው፤ ከረመዳን ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ለማፍጠሪያ ሾርባ የሚሆነውን ካሮትና ድንብላል ያስቀድማል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የእነሱ ስሌት ከኛ በበለጠ ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛ፣ የመደቡን ቁጥር በውሃው ልክ መወሰን። ከመዝራት በፊት በመጋቢት ስንት ጀሪካን እንደሚገኝ ማሰብ ይገባል። በጥቅምት እርጥበት ተማምኖ የተዘራ ሰፊ መሬት በመጋቢት አንድ ላይ ይጠወልጋል። ሁለት መደብ በደንብ የጠጣ ከስድስት የተጠማ ይበልጣል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰው ግን መሬት ባዶ ማሳደር ይከብደዋል።

ከፍታን አለመርሳትም አለ። የዘር ፓኬት ላይ የተጻፈው ቀን ለሞቃት ቦታ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም እንጅባራ ያለ ሰው በብርዱ ወራት ሁለት ሳምንት ይጨምር። ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ከፍ ያለ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሌላው ከባድ ነገር ጥቂት ጥቂት መዝራት ነው። ዕውቀት አይጠይቅም፤ ልማድ ግን ይጠይቃል። በዚህ ቤት የሠራው ካሌንደሩ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ነው። ወጥ የምትሠራው ልጅ በየቀኑ ታየዋለች። የመዝሪያው ቀን ሲደርስ የምታስታውሰው እሷ ናት። ካሌንደሩ ሳሎን ቢሆን ኖሮ የሚረሳ ይመስለኛል።

በ2018 ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ነበር። ቤተሰቡ ሁሉንም የመዝሪያ ቀን ከ2017ቱ በስምንት ቀን አስቀደመውና ሠራለት። በ2019 ግን ጾሙ የካቲት 29 ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ ቆስጣው ታኅሣሥ 15፣ የመጀመሪያው ካሮት ኅዳር አጋማሽ ላይ ይዘራል። ችግሩ ድንቹ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ሲተከል መደቦቹ ገና የጾም አትክልት እንደያዙ ይሆናሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ተጠርጎ፣ ተቆፍሮ፣ ድንች እስኪገባ ለፍልሰታ አይደርስም። የቤቱ እናት አንዱን መደብ ከአሁኑ ከሁዳዴው ስሌት አውጥተው ለድንች ለይተውታል። እዚያ ላይ እስከዚያ ድረስ ባቄላ ይቆያል።